ጋሼ ያልተረጎሙልኝ መጨረሻ

ፊልሙን ስንት ጊዜ እንደጀመርነው አላስታውስም። ጨርሰነው ግን አናውቅም ነበር። ሁልጊዜ የምንቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሴትዮዋ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ስትጠየቅ። እዚያ ስንደርስ የጋሼ ምላስ ይደክማል። "ይብቃን፤ መጨረሻውን ሳልንተባተብ የምነግርሽ ቀን እናየዋለን" ይሉና ሪሞቱን በግራ እጃቸው ወደ እኔ ይገፉታል። እኔም ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ የዕለቱን ውሎ የምጽፍበትን ማኅደር አወጣለሁ።

ጋሼ ዘመዴ አይደሉም። ሥራዬ ቤት ለቤት እየሄድኩ አረጋውያንንና ከሆስፒታል የወጡ ሕመምተኞችን መርዳት ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ ተነሥቼ የኮልፋክስን ጎዳና ይዞ በሚሄደው ባስ ፓርክ ሂል ሰፈር ድረስ እየመጣሁ፣ በሳምንት አምስት ቀን ከእሳቸው ጋር እውል ነበር። ቤታቸው ትንሽ የቀይ ጡብ ቤት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ ዴንቨር ውስጥ ፋርማሲስት ሆና የምትሠራ።

የመታቸው ስትሮክ ቀኝ እጃቸውንና ንግግራቸውን ነበር የወሰደው። በወጣትነታቸው ደርግ ምሥራቅ ጀርመን ልኳቸው ምሕንድስና ተምረዋል። ታዲያ ሐኪሞቹን ሁሉ ያስገረመው፣ ከሕመሙ በኋላ መጀመሪያ የተመለሰላቸው ጀርመንኛው መሆኑ ነው። አማርኛው ወደ ኋላ ቀረ። ንግግር የምታለማምዳቸው ቴራፒስት አንድ ዘዴ ነገረችን፦ በሚቀላቸው ቋንቋ አንድ ነገር ይዩና ለሌላ ሰው በአማርኛ ይተርኩ። ልጃቸው የጀርመን ፊልም በፖስታ አስመጣች። ሲዲው ላይ ከጀርመንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የለም። ስለዚህ እኔ ጋሼ ካልነገሩኝ በቀር አንዲት ቃል አይገባኝም፤ ቴራፒስቷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

ፊልሙ የፖለቲካ ነው። አንዲት ሚኒስትር አለች፣ ፖሊሱ ሁሉ በእሷ ሥር ነው። አንድ ወረቀት ትፈርማለች፤ ፖሊሶች አንድ ቤት ሰብረው ይገባሉ፤ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ይሞታል። ከዚያ ምክር ቤት ቆማ ስትናገር አፏ ይጣመምና ትወድቃለች። ስትሮክ ነው፣ እንደ ጋሼ። ጫካ ውስጥ ያለ የማገገሚያ ሆስፒታል ይወስዷታል። እዚያ እንደ ሕፃን "ውሃ" "ማንኪያ" እያለች ቃል ትማራለች። በዚህ መካከል አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ትእዛዙን ማን ሰጠ የሚል። የፓርቲዋ ሰዎች አበባ ይዘው ይመጡና "አላስታውስም በዪ፤ ታመሻል፣ ማንም አይፈርድብሽም" ይሏታል። አላስታውስም ካለች ጥፋቱ አንድ ተራ የፖሊስ መኮንን ላይ ይወድቃል። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየተሻላት ነው። ሁሉንም ታስታውሳለች።

"ለፓርቲዋ ሰዎች ምን አለቻቸው ጋሼ?"

"ቆይ፣ አታጣድፊኝ። ቃሉ በሩ ላይ ቆሟል፣ አልገባም እያለኝ ነው።"

"ይግባ በሉት።"

"አ... አላስታውስም አለች።"

"እውነቷን ነው?"

"ውሸቷን ነው እንጂ። ዓይኗን አታይም?"

እኔ ዓይኗን ማየት አልወድም ነበር።

ማኅደሩ ላይ የዕለቱን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ምን እንደበሉ፣ መድኃኒታቸውን በስንት ሰዓት እንደዋጡ፣ በመደገፊያው፣ በዎከሩ፣ ስንት እርምጃ እንደሄዱ። ጋሼ በዚህ ይቀልዱብኛል።

"ጸሐፊዋ፣ ዛሬስ ምን ብለሽ ከሰስሽኝ?"

"ሾርባ፣ አሥራ ሁለት ማንኪያ ብዬ።"

"አሥራ ሦስት ነው። መንግሥትን አታታልይ።"

የማኅደሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ልጃቸው በቀይ የጻፈችው ማስጠንቀቂያ ነበር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚወስዱ ከወደቁ፣ በተለይ ጭንቅላታቸውን ከመቱ፣ ወዲያው እንዲደወልላት። ከገና በፊት ሁለት ጊዜ ወድቀው ነበር። እኔ ፊት ነው የነገረቻቸው። "አባዬ፣ አንድ ተጨማሪ ፎል ካለ፣ አይ ሚን ኢት፣ ነርሲንግ ሆም ነው። ኦሮራ አፕላይ አድርጌልሃለሁ። ፕሮሚስ አድርግልኝ።" ያለችው የአረጋውያን መጦሪያውን ነው። እሷ ስትወጣ ጡቡን ግድግዳ በግራ እጃቸው መታ መታ አድርገው "ከዚህ የሚያወጡኝ በሳጥን ነው" አሉ።

አንድ ቀን ፊልሙ ውስጥ የፓርቲዋ ሰዎች አበባ ይዘው ሲገቡ ጋሼ ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው ጠየቅኋቸው። ጀርመን አገር እኛ ኢትዮጵያውያን አብረን የምንኖርበት የተማሪዎች ቤት ነበር አሉኝ፣ ቀስ እያሉ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ። ከመካከላቸው አንዱ ስለ ጓደኞቹ ለኤምባሲ የሚጽፍ ነበር።

"ጥሩ ልጅ ነበር። ሲታመም ሾርባ ሠርቼለታለሁ። አገር ቤት ስመለስ፣ ኤርፖርት ላይ ተቀብለው ወስደው፣ አንድ ወረቀት አነበቡልኝ። ሾርባውን ስሠራ ያወራሁት ነው።"

"ምን አደረጉዎት?"

"ሁለት ዓመት አስቀመጡኝ። እሱስ አልፏል። የገረመኝ ጽሑፉ ነው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ አንዲት ስሕተት የለባትም። ምን የመሰለ እጅ ጽሑፍ።"

እሳቸው እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠብኩት።

እኔም ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ እጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ፣ የቀበሌያችን የእንግዳ መዝገብ ለእኔ ተሰጠኝ። በዚያ በደርግ ዘመን እቤቱ እንግዳ ያሳደረ ሰው ለቀበሌ ማስመዝገብ ነበረበት። ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን፣ እስከ መቼ። ከእኛ ቤት ፊት ለፊት አንዲት እትዬ ነበሩ፣ የእናቴ ወዳጅ። ትምህርት ቤት ስሄድ ጸጉሬን የሚሠሩኝ እሳቸው ነበሩ። አንድ ማለዳ የእኅታቸው ልጅ ከክፍለ ሀገር መጣችባቸው፤ መምህርት ናት፣ ከእኔ በአራት ዓመት ብትበልጥ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አየኋት። በአጥሩ ላይ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝና ስሟን ነገረችኝ።

እትዬ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ድረስ መጡ። ሰው እስኪወጣ ጠበቁ። "ልጄ፣ ሁለት ቀን ብቻ ናት። አትጻፊያት።"

"እሺ እትዬ" አልኩ።

እሳቸው እንደወጡ ጻፍኳት።

ፈርቼ ነው ብል ግማሽ እውነት ይሆናል። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ይመረምራል፤ የተደበቀ እንግዳ ከተገኘ የሚጠየቀው ጸሐፊው ነው። ሌላው ግማሽ ግን፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ መዝገቤ ጉድለት እንዳይኖርበት መፈለጌ ነው። ጠንቃቃ ናት ይሉኝ ነበር፤ መባሉን እወደው ነበር። በማግስቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዷት። ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር። አልተመለሰችም።

እትዬ ከዚያ በኋላም እኔ አገር ለቅቄ እስክወጣ ድረስ በየማለዳው "ደህና አደርሽ ልጄ" ይሉኝ ነበር። ማን እንደጻፋት ያውቁ እንደነበር አላውቅም። ከመዝገቡ በቀር በምን ሊታወቅ ይችላል? ሱዳን ሳለሁ ማረፋቸውን ሰማሁ። ያን ዕለት ተሳልኩ፤ ከእንግዲህ በሰው ላይ ብዕር አላነሣም ብዬ። ዓመታት አልፈው፣ ኦሮራ ከገባሁ በኋላ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ቀኖናዬን ጾሜ ሰግጄ ፈጽሜያለሁ። ግን ይቅር በዪኝ የምላት ሴት የለችም፣ ይቅር በሉኝ የምላቸው እትዬም የሉም። ፊልሙ ውስጥ ያችን ሚኒስትር ባየሁ ቁጥር "ተናገሪ" እላታለሁ በልቤ፣ ራሴ አንድ ጊዜ እንኳ ከአባ በቀር ለማንም ሳልናገር።

ዓርብ ቀን ነበር። በረዶው ቀልጦ ፀሐይ የወጣበት፣ ዴንቨር በአንድ ቀን ውስጥ ክረምትና በጋ የምታደርግበት ዓይነት ቀን። ጋሼ ማለዳውን ሙሉ ደህና ሲናገሩ አረፈዱ። "ዛሬ መጨረሻውን እነግርሻለሁ" አሉኝ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሲዲው መኝታ ቤት ቀርቶ ኖሮ፣ ሊያስደንቁኝ ብለው ነው መሰለኝ፣ ያለ ዎከር ተነሡ። ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጭንቅላታቸው በጎን በኩል የኮመዲኖውን ጠርዝ ነክቶታል። ትንሽ እብጠት አለ፤ ደም የለም።

"አልመታኝም።"

"መትቶዎታል ጋሼ። እያየሁት።"

"ነካኝ እንጂ አልመታኝም።" ራሳቸው ሳቁበት። አንሥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኳቸው። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩላቸው። ቀኑን ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ። የልጃቸውን ስም ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ። ዓይናቸውን በእጅ ባትሪ አየሁ፤ ደህና ነው። ማኅደሩን ሳወጣ ክንዴን ያዙኝ። በጤነኛው እጅ፣ አጥብቀው።

"ልጄ፣ አትጻፊው።"

ሌላ ጊዜ "ጸሐፊዋ" ነበር የሚሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

"መደወል አለብኝ ጋሼ። መድኃኒቱ..."

"ከደወልሽ ሰኞ ኦሮራ ነኝ። ታውቂያለሽ። እዚህ ቤት እየተመለሰልኝ ነው፤ ቃሉ እየገባልኝ ነው። እዚያ ለማን ነው የምተረጉመው?" ይህን ሁሉ ሳይንተባተቡ ነው የተናገሩት። ከታመሙ ወዲህ ያን ያህል ረጅም ነገር በአንድ ትንፋሽ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

በቀይ የተጻፈበትን ገጽ አልገለጥኩትም። እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። አጥሩ ላይ የተዘረጋው እጅ መጣብኝ። ያን ጊዜ እሺ ብዬ ጻፍኩ፤ አሁን እሺ ብዬ አልጽፍም አልኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አርባ ዓመት የጠበቅኩት ነገር በሩን አንኳኩቶ የመጣ መሰለኝ። "ሾርባ አሥራ አራት ማንኪያ። ንግግር በጣም ጥሩ። መልካም ቀን" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፊልሙን አልጀመርነውም፤ ደክሟቸው ነበር።

ቅዳሜና እሑድ የእኔ ቀን አይደለም፤ ልጃቸው ነበረች። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ሁለት ጊዜ ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ መለስኩት። ብደውል ምን እላለሁ? ዓርብ ወድቀው ነበር፣ ዛሬ ትዝ አለኝ? እመብርሃን ትጠብቃቸዋለች አልኩ። የእኔን ሥራ ለእመብርሃን ሰጥቼ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ስገባ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ልጃቸው ማለዳ "ትንሽ እንቅልፍ በዝቶበታል" ብላ ጽፋልኝ ወጥታለች። "እንደምን አደሩ ጋሼ?" አልኳቸው። በጀርመንኛ መለሱልኝ። በአማርኛ ይንገሩኝ አልኩ። እንደገና ጀርመንኛ፣ ከዚያ ጀርመንኛም ያልሆነ ነገር። አንድ ዓይናቸው ከሌላው ሰፍቷል። ናይን ዋን ዋን ደውዬ አምቡላንስ ጠራሁ።

ሆስፒታል፣ ልጃቸው የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገረንና ሰሞኑን ወድቀው እንደሆነ ጠየቀ። እሷ "ኖ" አለች ወዲያው። "ኖ፣ ማኅደሩን፣ ሎጉን በየቀኑ አያለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ነው የዞረችው፤ አልተጠራጠረችኝም። "አክስቴ፣ አልወደቀም አይደል?"

ፊልሙ ውስጥ ያለው ረጅም ጠረጴዛ ይህ ነው። አላስታውስም ለማለት ሕመም እንኳ አልነበረኝም።

"ዓርብ ወድቀዋል" አልኩ። "ጭንቅላታቸውን መትቷቸዋል። አትጻፊው አሉኝ፣ አልጻፍኩም።"

ሐኪሙ በእንግሊዝኛ እንዲነገረው ጠበቀ። እሷ አልነገረችውም። እኔ ነገርኩት፣ በዚያው በተሰበረ እንግሊዝኛዬ። ሰምቶ በፍጥነት ሄደ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች።

"ሾርባውን ጻፍሽ" አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። "ስንት ማንኪያ እንደበላ ጻፍሽ አክስቴ። ፎርቲን። እኔ አንብቤው ደስ አለኝ። አብሬው ነበርኩ ሳተርደይ፣ ሰንደይ። እንቅልፍ ሲበዛበት 'ኦህ፣ ጥሩ ዊክ ነበረው፣ ደክሞት ነው' አልኩ።"

 

ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ተረፉ። የተመለሰው ንግግር ግን ሄደ። "አዎ"፣ "አይ"፣ "ውሃ" እና አንዳንድ ቁርጥራጭ ቃል ቀረላቸው። ከሆስፒታል በቀጥታ ኦሮራ ወዳለው ነርሲንግ ሆም ገቡ። እኔ ከቤታቸው እንዳይወጡ ብዬ የደበቅኩት ነገር ነው ከቤታቸው ያስወጣቸው። መሥሪያ ቤቴ ጠርቶ አናገረኝ፤ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝና ሌላ ቤት መደበኝ። ቅጣቱ አነሰብኝ እንጂ አልበዛብኝም።

ለነፍስ አባቴ ነገርኩ። "አባ፣ ያኔ ጽፌ ሰው ጠፋ፤ አሁን ሳልጽፍ ሰው ተጎዳ። ምን ላድርግ? ስእለት ነበረብኝ።"

አባ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ናቸው። ያን ቀን አልነበሩም። "ይህን ስእለት ማን ጠየቀሽ?" አሉኝ። "ሁለቱንም ጊዜ የጠበቅሽው ራስሽን ነው። ያኔ መዝገብሽን፣ አሁን ደግሞ ንጽሕናሽን። ሽማግሌው የት አሉ?"

"ነርሲንግ ሆም።"

"ሄደሽ ጠይቀሻቸዋል?"

አልሄድኩም ነበር።

ለልጃቸው የጽሑፍ መልእክት ላክሁ። መልስ ለመስጠት አሥር ቀን ወሰደባት። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፤ "ጠዋት ኤይት ኦክሎክ ሲሆን በሩን ያያል። አንቺ የምትመጪበት ሰዓት መስሎት ነው። ሲዲው ሪሴፕሽን ጋ አለ።" ሌላ ነገር የለበትም። ሰላምታም የለበትም።

ነርሲንግ ሆሙ መግቢያ ላይ የእንግዶች መዝገብ አለ። ስም፣ ሰዓት፣ ማንን እንደሚጠይቁ። ብዕሩ በክር ታስሯል። ስሜን ስጽፍ ፊደሎቹ ተጣመሙ። ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ማንበብ አቅቷት ስሜን ደግማ ጠየቀችኝ።

ጋሼ መስኮት አጠገብ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ "አዎ" አሉ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል "አይ፣ አይ" አሉና እጃቸውን አሸሹት። ከዚያ በዚያው እጅ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱኝ።

ፊልሙን ከመጀመሪያው ከፈትኩ። ይህን ያህል ጊዜ ከአፋቸው የሰማሁት ስለሆነ አሁን እኔ ተረጎምኩላቸው። "አላስታውስም አለች" እላለሁ፣ "ውሸቷን ነው" እላለሁ፣ ልክ እሳቸው ይሉት እንደነበረው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ስሳሳት "አይ" ይሉኛል። ፊልሙን ወደ ኋላ እንድመልሰው ያደርጉኝና እኔም አርማለሁ። እንዲህ እያልን ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ደረስን። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቆምንም።

ሴትዮዋ ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ሳበች። መናገር ጀመረች። ረጅም ነበር፤ እየቆመች፣ ቃል እየፈለገች። ጋሼ ወደፊት አዘንብለው ይሰማሉ። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሰዎቹ ከጠረጴዛው ተነሡ፣ እሷም በከዘራ እየተደገፈች በባዶ መተላለፊያ ሄደችና ፊልሙ አለቀ። ተናዘዘች? ወይስ አላስታውስም አለች? አላውቅም። ጋሼ ያውቃሉ፤ ሊነግሩኝ ግን አይችሉም። አፋቸውን ከፈቱ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልመጣም። እንባቸው መጣ፤ ከንዴት ይሁን ከምን እንጃ።

ሌላ ሰው ፈልጌ ላስተረጉመው እችል ነበር። እስከ ዛሬ አላደረግኩትም። ያን ጊዜ ያደረግኩት ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወንበሬን ፊታቸው ማዞር ነው። "ጋሼ፣ እኔም ጸሐፊ ነበርኩ" አልኳቸው። "በቀልድ ሲጠሩኝ እውነት መሆኑን አያውቁም ነበር።" የእንግዳውን መዝገብ፣ እትዬን፣ አጥሩ ላይ የተዘረጋውን እጅ፣ ነጠላ ጫማውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። የፈራሁበትን ግማሽም፣ ሌላውን ግማሽም። እጅ ጽሑፌ ያማረ እንደነበርም አልደበቅኩም።

ሲያዳምጡኝ ፊታቸው አልተለወጠም። በእሳቸው ላይ የጻፈውን ልጅ እያዩ ይሁን እኔን እያዩ ማወቅ አልቻልኩም።  ስጨርስ አፋቸውን ይታገሉ ጀመር።

"ስ..." አሉ። ጠበቅኩ። "ስ... ስሟ?"

ስሟን ከአጥሩ ዳር ሰማሁት፣ መዝገብ ላይ ጻፍኩት፣ ከዚያ ወዲህ ለአባ ስናዘዝ እንኳ "አንዲት ሴት" ብዬ ነው ያለፍኩት። ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ነገርኳቸው። የእሷንም የአባቷንም።

ጋሼ ደግመው ሊጠሩት ሞከሩ። መጀመሪያ ተሰበረባቸው። ሁለተኛ ሲሞክሩ ግማሹ ቀረ። ቴራፒስቷ ታስተምራቸው እንደነበረው እጃቸውን ጭናቸው ላይ እየመቱ፣ ፊደሉን በፊደል እየለዩ ሦስተኛ ሞከሩ። አስተካክለው ጠሯት።

እዚህ አልጽፈውም። በሄድኩ ቁጥር ግን ከጋሼ ጋር እንለማመደዋለን።